ሦስት፣ ቆም፣ አንድ

ትርፌ ኤርጪሶ ሐሙስ ሐሙስ ምሳዋን በልታ፣ ሰሃኗን አጥባ፣ ነጠላዋን አጣፍታ የዱራንቾን ቤተ ክርስቲያን የጎን በር በራሷ ቁልፍ ትከፍት ነበር። በዚያ ሰዓት አዳራሹ ባዶ ነው። እሑድ ስድስት መቶ ሰው የሚቀመጥባቸው የፕላስቲክ ወንበሮች አንዱ በሌላው ላይ ተደራርበው ግድግዳውን ተደግፈዋል፤ ከመድረኩ ግራና ቀኝ ሰው የሚያህሉ ሁለት ሞንታርቦዎች ሸራ ለብሰው ቆመዋል፤ የቀትር ፀሐይ ያሞቀው ቆርቆሮ አልፎ አልፎ ቀጭ ይላል። ከመድረኩ ጀርባ ያለችው ጠባብ ክፍል የእሷ ናት። አንድ ጠረጴዛ አለ፣ ቃለ ጉባኤ የታጨቀበት የብረት ሣጥን አለ፣ ሠላሳ ዓመት በጸሐፊነት ካገለገለችበት ትምህርት ቤት ጡረታ ስትወጣ የሰጧት የጽሕፈት መኪናም አለ። ኮምፒውተር ልመጂ ሲሏት "በዚህ ዕድሜዬ ከመስታወት ጋር አልጣላም" ብላ አስቃቸዋለች።

ሥራዋ የቤተ ክርስቲያኗን ታሪክ መጻፍ ነው። የስልሳኛው ዓመት በዓል በኅዳር ይከበራል፤ መጽሐፉም ለዚያ ቀን መድረስ አለበት። ሽማግሌዎቹ "ከእሷ ሌላ ማን አለ?" ብለው በአንድ ቃል ሲመርጧት እውነታቸውን ነበር። የጥንቶቹ ሁሉ አልቀዋል፤ የቀሩት እሷና ጋሼ ሃንዲሶ ብቻ ናቸው። የመጀመሪያዎቹን አምስት ምዕራፎች በደስታ ጻፈቻቸው። በ1957 ዓ.ም. አሥራ አንድ ሰዎች በቆዳ መጋዘን በረንዳ ላይ እንዴት እንደ ጀመሩ፣ የመጀመሪያውን የሣር ጸሎት ቤት ሴቶቹ ጭቃ እየረገጡ እንዴት እንደ መረጉት፣ የመጀመሪያው የጥምቀት ቀን ወንዙ ሞልቶ ሰባት ሰዎች ተጠምቀው ስምንተኛው "እኔስ ክረምቱ ሲወጣ ይሻለኛል" ብሎ እንዴት እንደ ተመለሰ፣ ይህን ሁሉ ስትጽፍ ብቻዋን ትስቅ ነበር።

ነገሩ የጀመረው ምዕራፍ ስድስት ላይ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሳ ጣቶቿን ከመኪናው አነሣች፤ መኪናው ዝም ካለ በኋላ ግን አንድ ምት ተሰማ። አንዲት ብቻ። ጣቷ ሳታውቀው የነካው መስሏት ወረቀቱን አየች፣ ትርፍ ፊደል የለም። ቆርቆሮው ነው ብላ ቀና አለች። ያን ቀን ደመና ነበር፣ ቆርቆሮውም ቀዝቃዛ ነበር፤ እሷ ግን ቆርቆሮ ነው ብላ ቀጠለች።

ምዕራፍ ስድስት ስለ ዝግ ዘመን ነው። በ1970 ጸሎት ቤቱ ታሸገ፣ መጽሐፍ ቅዱሶቹ በጆንያ ተጭነው ተወሰዱ፣ አማኞቹም በየቤቱ እየተደበቁ መሰብሰብ ጀመሩ። ግድግዳም ጆሮ ነበረው በዚያ ዘመን። እናም ድምፅ የሌለው መዝሙር ተማሩ። ሁሉም አፉን ይከፍታል፣ ከንፈሩ ቃሉን ይላል፣ ከጉሮሮ ግን ትንፋሽ እንኳ አይወጣም፤ ዜማው እንዳይጠፋባቸው በቀኝ ጣታቸው የግራ መዳፋቸውን ይመቱ ነበር። ሦስት፣ ቆም፣ አንድ። የመዝሙሩ ምት ይኸው ነው፤ የበሩም ምልክት ይኸው ነው። ሦስት፣ ቆም፣ አንድ ብሎ ያንኳኳ ወገን ነው፣ ይከፈትለታል። የተደበቀ ሰውም ይህን ምት ከውጭ እስኪሰማ ድረስ ቢራብ፣ ቢታመም፣ ቢሞትም ድምፅ አያሰማም። ሕጉ ይህ ነበር። የዛሬዎቹ ወጣቶች ይህን ታሪክ ይወዱታል፤ ጎረቤት ስለ ጩኸታቸው ቀበሌ እየከሰሳቸው፣ እሷን ግን "እትዬ፣ እስቲ ያንን ያለ ድምፅ የተዘመረውን ንገሪን" ይሏታል። ትርፌም አሳምራ ትነግራቸዋለች፤ የ1971 ሐምሌ ላይ ስትደርስ ግን ሁልጊዜ ትዘልላለች።

በሚቀጥለው ሐሙስ ክፍሉን ስትከፍት ሽታው ተቀበላት። የሻጋታ ሽታ አይደለም፣ የአይጥም አይደለም። ከመሬት ሥር ከርሞ የወጣ የበቆሎ ሽታ ነው፤ የእህል ጉድጓድ በነበረው ቤት ያደገ ሰው አንዴ ካወቀው የማይረሳው፣ ጥንስስና እርጥብ አፈር የተቀላቀለበት፣ ጉሮሮ ላይ የሚቀመጥ ሽታ። መስኮቱን ከፈተች፣ ወለሉን በበረኪና አጠበች። ስታጥብ ተንበርክካ ነበርና ከጆሮዋ በታች፣ ከሲሚንቶው ሥር፣ ሩቅ የሆነ ምት የሰማች መሰላት። ሦስት። ቆም ሲል እሷም ትንፋሿን ያዘች። አንድ። ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ጥላ ወጣች፣ ያን ቀንም አልጻፈችም።

እውነቱን ግን መጻፊያው ጊዜ ደርሶ ነበር፤ ማንም ባያውቀው እሷ ታውቀዋለች። በ1971 ሐምሌ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ አሥር ሰዎች በአባቷ በአቶ ኤርጪሶ ቤት ያለ ድምፅ ሲዘምሩ የአብዮት ጥበቃዎቹ ደረሱ። የሚፈለገው ወንጌላዊ ጡሚሶ ላምቤቦ ነበር፤ ሃያ ስድስት ዓመቱ፣ ቀጭን፣ ሲስቅ አፉን በመዳፉ የሚሸፍን ሰው። በጓዳ ወዳለው የእህል ጉድጓድ አወረዱት። አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ፣ ከሰው ቁመት የሚጠልቅ ጉድጓድ ነው፤ ከውስጥ አይወጡበትም፣ ከላይ ያለ ሰው ድንጋዩን ገፍቶ ገመድ ካልጣለ በስተቀር። ለትንፋሽ ጣት የምታህል ክፍተት ትተው ጠፍጣፋውን ድንጋይ ገጠሙበት፣ በላዩም የትርፌን አልጋ ጎተቱበት። አባቷ ቶሎ ብሎ በጆሮዋ "ሲጸዳ አንኳኪለት፣ ጎረቤት ጠርተሽም አውጪው" አላት። ከዚያ ሁሉም ታስረው ተወሰዱ። እናቷ ቀደም ብላ ሞታለች፤ በቤቱ የቀረችው ትርፌ ብቻ ነበረች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር።

አንድ ጥበቃ ሁለት ቀን በረንዳው ላይ ዋለ፣ አደረ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሲሄድ ሸሚዙን እየቆለፈ፣ ክፋት በሌለው ድምፅ፣ የአየር ሁኔታ እንደሚናገር ሰው፣ "ጡሚሶ ከዚህ ቤት ከወጣ አባትሽ አይወጣም" አላት። ቤቱ ጸዳ። ትርፌ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች። ከሥሯ የመዳፍ ምት ይሰማት ነበር፤ ጡሚሶ ያለ ድምፅ እየዘመረ ነበር። እጇን አነሣች፣ አወረደች። አነሣች፣ አወረደች። በአራተኛው ቀን ምቱ ዘገየ፣ ሌሊቱንም ቆመ። በአምስተኛው ቀን አባቷ ተፈቶ መጣ፤ ጋሼ ሃንዲሶም አብሮት ነበር።

"አንኳኳሽለት?" አላት አባቷ።

"አንኳኩቼለት ወጥቶ ሄዷል።"

አባቷ አልጋውን አየ። ሃንዲሶም አልጋውን አየ። አልጋውን ግን ማንም አልነካውም። መስከረም ላይ አባቷ "ውኃ እያሰረገ ነው" ብሎ ጉድጓዱን በሦስት ጋሪ ቀይ አፈር ሞላው፤ ሃንዲሶ አፈሩን አቀበለው። በ1983 የታሸገው ሁሉ ሲከፈት አባቷ ቦታውን ለቤተ ክርስቲያን ሰጠ፣ ቤቱ ፈረሰ፣ ግንበኛውም "መድረኩ በየት ይሁን?" ሲለው በጣቱ አሳየው። ሰው ሁሉ ስለ ልግስናው አለቀሰ። እንዲህ ያለ ልግስና ከየት እንደሚመጣ የጠየቀ አልነበረም።

ጋሼ ሃንዲሶ ረቂቁን ሊያይ የመጣው ሐሙስ ዕለት ነው። ሰማንያ አራት ዓመቱ ነው፤ ምርኩዙን ጉልበቶቹ መካከል አቁሞ፣ መነጽሩን ከወረቀቱ ጋር እያሳሳመ አነበበ። ጡሚሶ የሞተበት ቦታ ላይ ትርፌ ባዶ መስመር ትታ ነበር።

"ይቺ ለምን ክፍት ሆነች?"

"ጋሼ፣ የአልጋውን ነገር ልጽፈው ነበር።"

ሽማግሌው መነጽሩን አወለቀ። "ልጄ፣ አባትሽ ይህን መሬት ለጌታ ሲሰጥ በውስጡ ያለውን ሁሉ አብሮ ሰጥቶታል። የተሰጠ ነገር አይቆፈርም።"

"እህቱ ለበዓሉ ትመጣለች። መቃብሩን ትጠይቀኛለች።"

"መንገድ ላይ ቀረ ስንላት አርባ ስድስት ዓመት ሆነን። ከለመደችው ሐዘን አውጥተሽ ወደማታውቀው ሐዘን ልትከቻት ነው?" አለና፣ ነገሩን ለመቋጨት ምርኩዙን ወለሉ ላይ መታ፤ ሦስት ጊዜ። ጥቂት ቆየ። እጁ እንደገና፣ ብቻውን፣ አንድ ጊዜ መታ። ሽማግሌው የገዛ እጁን የሌላ ሰው እጅ እንደሆነ ሁሉ አየው፤ ከዚያ ተነሥቶ ደህና ዋይ ሳይላት ወጣ።

ትርፌ ባዶውን መስመር ሞላችው። "ወንጌላዊ ጡሚሶ ላምቤቦ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ወደ ቆላው ሲያመልጥ በመንገድ ተይዞ ስለ እምነቱ ተሠዋ።" ጣቶቿ አንዲት ፊደል አልሳቱም። ውሸትን አጥርቶ መጻፍ የሠላሳ ዓመት ሙያ ነው ብላ ራሷን ረገመች፣ ወረቀቱን ግን ለማተሚያ ቤት ላከችው።

በማግሥቱ ድምፅዋ ሻከረ። ዝንጅብል በማር ጠጣች፣ ጤና ጣቢያ ሄደች፤ ጉሮሮዋን በባትሪ አይተው ንጹሕ ነው አሏት። በሳምንቱ ጎረቤቷን በአጥር ላይ ስትጠራት ጎረቤቷ ዞር አላለችም። እሑድ ደግሞ ጸሎቱ አልቆ ሰው ሲበተን፣ የድምፅ ክፍል የምትሠራው ሕሊና ገመድ ስትጠቀልል፣ ትርፌ ከሞንታርቦው ያንን ምት ሰማች። ሕሊናም ሰምታ ጆሮዋን አስጠጋች። አንዱን ገመድ ነቀለች፣ ሌላውን ነቀለች።

"ምን ይሆን?" አለች ትርፌ በሹክሹክታ።

"እኔም እሱን ነው የምፈልገው፣ እትዬ። ማይኩ እኮ አልተሰካም።" ሕሊና ሳቀች፣ ከዚያ ሳቋን ተወችው። "የመድረኩ ማይክ ብቻ ነው እንዲህ የሚያደርገው፣ ከሥር የሆነ ነገር የሚያነሣ ነው የሚመስለው። ለበዓሉ አዲስ እንገዛለን።"

የበዓሉ ዋዜማ ቅዳሜ ከሰዓት የጡሚሶ እህት ወይዘሮ ደሳለች ላምቤቦ ደረሰች፤ ማረፊያዋም የታሪክ ጸሐፊዋ ቤት ሆነ። ሰባ ያለፋት፣ አጭር፣ ንጹሕ ሴትዮ ናት። እግሯን ታጥባ፣ ያቀረቡላትን በልታ፣ ታሪኩን የያዘውን አዲስ መጽሐፍ ጭኗ ላይ አድርጋ የወንድሟን ስም ፊደል በፊደል በጣቷ ዳሰሰችው። ማንበብ አታውቅም፤ የቱ ጋ እንደተጻፈ ያሳየቻት ትርፌ ናት።

"ለመስቀል እመጣለሁ ብሎኝ ነበር" አለች። "ስለዚህ መስቀል በመጣ ቁጥር የእሱን ድርሻ ሥጋ በኮባ ቅጠል ጠቅልዬ አስቀምጣለሁ። በማግሥቱ ለጎረቤት እሰጠዋለሁ። ልጆቼ የሞተ ሰው ድርሻ አይቀመጥለትም እያሉ ይቆጡኛል። እውነታቸውን ነው። ግን መቃብሩን ያላየሁትን ሰው እንዴት ድርሻውን እከለክለዋለሁ? እዚህ ነው ብላችሁ አፈሩን ብታሳዩኝ፣ እተው ነበር።"

አርባ ስድስት መስቀል። ትርፌ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። በእጇ ምልክት "ነገ፣ ነገ እነግርሻለሁ" አለቻት፤ ይህንንም ስትል ማምለጧ እንደሆነ ታውቅ ነበር። ብቻ በዚያች ሰዓት ከልቧ ቆረጠች። መጽሐፉ ያለውን ይበል፤ ነገ ስድስት መቶ ሰው ፊት፣ በዚያው መድረክ ላይ ቆማ፣ ትንፋሿንም ቢሆን በማይክ አሰምታ፣ ጉድጓዱ ከእግሬ ሥር ነው ትላለች። ያኔ ደሳለች አፈሩን ታያለች። ሌላው የመጣው ይምጣ።

የበዓሉ ዕለት ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ መስኮቶቹ ሁሉ ተከፍተው ፀሐይ እስከ መድረኩ ድረስ ገብታለች። ኳየሩ ዘመረ፣ የከተማው እንግዶች ተናገሩ፣ መጽሐፉ ተባረከ። ደሳለች የፊተኛው ረድፍ ላይ ናት፤ ጋሼ ሃንዲሶ ከጎኗ ነው። የመድረኩ መሪ "ታሪካችንን የጠበቀችልን እናታችን!" ብሎ ትርፌን ሲጠራ እልልታው ቆርቆሮውን አናወጠው። ትርፌ አዲሱን ማይክ ያዘች፣ ደሳለችን አየች፣ አፏንም ከፈተች።

"ወንጌላዊ ጡሚሶ አልተያዘም" አለች።

ድምፅ አልወጣም። ደግማ አለችው። ጉድጓዱን አለች፣ ድንጋዩን አለች፣ በረንዳው ላይ ስለነበረው ጥበቃ፣ አንሥታ ስላወረደችው እጇ፣ አባቷ ስላየውና ስላልነካው አልጋ፣ ምንም ሳታስቀር ተናገረች። ከንፈሯ እያንዳንዱን ቃል አጥርቶ ይላል፤ ማይኩ ግን የትንፋሽ ሽውታ እንኳ አላነሣም።  ስድስት መቶ ሰው ድምፅ በሌለው አፏ ላይ አፈጠጠ። ከዚያ ከመካከል አንዲት ሴት እንባዋ እየወረደ የግራ መዳፏን አንሥታ በቀኝ ጣቷ መታችው። የመድረኩ መሪ ገባው፤ ወይም የገባው መሰለው። "ወገኖቼ!" አለ፣ "አባቶቻችን በዝግ ዘመን እንዲህ ነበር የዘመሩት!"

እንዳልሆነ ሊነግራቸው የሚችለው ጋሼ ሃንዲሶ ብቻ ነበር፤ እሱም ዝም አለ። ሕዝቡ በሙሉ ተነሣ። ሁሉም አፉን ከፈተ፣ ከንፈሮች ያለ ድምፅ ተንቀሳቀሱ፣ ስድስት መቶ ጣቶች ስድስት መቶ መዳፎች ላይ ወረዱ። ሦስት፣ ቆም፣ አንድ። ደሳለችም ዓይኗን ከትርፌ ሳትነቅል፣ በፍቅርና በምስጋና እያለቀሰች ትመታ ነበር። ትርፌ ራሷን ነቀነቀች፣ በጣቷ የመድረኩን ወለል አሳየች፣ እዚህ ነው፣ እዚህ ነው አለች፤ እነሱ ግን ተንበርከኩ ያለቻቸው መሰላቸውና ረድፍ በረድፍ ተንበረከኩ። ያልተንበረከከው ሃንዲሶ ብቻ ነበር። ዓይኑን መድረኩ ላይ ተክሎ፣ ሁለት እግሮቹን ቀስ አድርጎ ከወለሉ አንሥቶ ወንበሩ ላይ ሰበሰባቸው።

ያኔ ብርሃኑ ጠፋ። መብራት ሄደ ብላ አሰበች፤ ግን ቀን ነበር፣ መስኮቶቹም ክፍት ነበሩ። የከረመ በቆሎ ሽታ መጥቶ ጉሮሮዋ ላይ ተቀመጠ። የማይኩን እግር ልትደገፍ እጇን ብትዘረጋ መዳፏ ቀዝቃዛና ሸካራ የሆነ አፈር ነካ፤ ወደ ሌላው ጎን ብትዘረጋም ያው ነው፣ እንደ እንስራ ሆድ የጎበጠ አፈር። ልትጮህ ፈለገች፤ ሕጉ ትዝ አላት። የተደበቀ ሰው ምልክቱን እስኪሰማ ድረስ ድምፅ አያሰማም። ምልክቱም ይሰማ ነበር፤ ሦስት፣ ቆም፣ አንድ፤ ሳያቋርጥ፣ በፍቅር፣ በስድስት መቶ እጅ፣ ውጪ ጸድቷል እያለ። የሚመጣው ግን ከላይ፣ ከድንጋዩ ማዶ ነበር።